ፓርክላንድስ ላይ ያመለጠኝ «እኔን!»

ሐሙስ፣ ንጋት፣ ቦሌ

ጎሕ ሳይቀድ ከቤት ወጣሁ። ዝናቡ አላባራም፤ የታክሲው ሹፌር መስታወቱን በመዳፉ እየጠረገ ነው የሚነዳው። ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገብስ ቆሎ እና እህቴ አስቴር «እዚህ እንደሱ ያለ አይገኝም» ብላ ያዘዘችኝ ጥለት አለ። አስቴር ናይሮቢ ላይ ልብስ ሰፊ ናት። አገር ለቃ ስትሄድ አንድ ልጇ ሩሃማ ገና ዳዴ ትል ነበር። አሁን ያቺ ልጅ ሰው እጅ ላይ ቆማ የምትገለባበጥ የሰርከስ ሠሪ ሆናለች፤ እኔም የምሄደው እሷን አይቼ ልጽፍ ነው።

የጋዜጣችን አዘጋጅ «ደስ የሚል ነገር ይዘሽልን ነይ» ብሎኛል። ሐበሻ ልጅ፣ ኬንያ፣ ሰርከስ፤ ከዚህ በላይ ምን ደስ የሚል አለ? ርዕሱን እንኳ ሳልሄድ አውጥቼለት ነበር። ያ ርዕስ ቀርቷል። ሌላ ጽፌያለሁ፤ እያፈርኩ ነው የጻፍኩት።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከፊቴ ይሄዱ የነበሩ ሽማግሌ የሰው ቦርሳ አደናቀፋቸው። «እኔን!» አልኩ። ከኋላዬ ያሉት ሴቶችም አብረውኝ «እኔን!» አሉ። አንዳችንም አናውቃቸውም። ሽማግሌው መቀመጫ ተደግፈው ዘወር አሉና «አይንካችሁ» ብለው መለሱልን። የኛ ሰው ሲደናቀፍ ዝም አይባልም። ዝም ያለ ሰው አንጀት የለውም እየተባልን ነው ያደግነው። እኔ ደግሞ አፌ ፈጣን ስለሆነ ከሰው ሁሉ እቀድማለሁ። ይህን የማነሳው ለወሬ ማጣፈጫ ሳይሆን በኋላ ስለሚመጣ ነው።

ሐሙስ፣ ረፋድ፣ ወደ ኪሌሌሽዋ

ኤርፖርቱ በር ላይ ስሜን ካርቶን ላይ ጽፎ የሚጠብቀኝ ሹፌር ካማው ይባላል። አስቴር የሚስቱን ቀሚስ ስለምትሰፋ የቤት ሰው ሆኗል። መኪናው ውስጥ ስገባ ጣሪያው ግንባሬን መታኝ።

«ፖሌ፣ ማማ» አለኝ።

ፖሌ ለሁሉም ነው። አይዞሽ ማለትም ነው፣ ይቅርታ ማለትም ነው፣ አዝኛለሁ ማለትም ነው። ካማው የመታኝ እሱ ሳይሆን መኪናው ቢሆንም እስክንደርስ ድረስ ሁለት ጊዜ ደገመልኝ።

ሰዓት ብጠይቀው «ሳ ታቱ» ብሎ ሦስት ጣቱን አወጣ። የኔም ሰዓት ሦስት ይላል። ስዋሂሊ ሰዓትን እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ባዕድ አገር ላይ ልብ ያሞቃል፤ ወዲያው ዘመድ የሆንን መሰለኝና ወሬዬን ለቀቅኩት። ካማው ጨዋ ነው፤ ያልገባውንም እየሳቀ ያዳምጣል።

መንገዱ ተዘግቷል። በተገተሩት መኪኖች መሃል ሙዝ የሚሸጥ፣ የስልክ ቻርጀር የሚሸጥ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ደርድሮ የሚሸጥ ይመላለሳል። ግራር ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች፣ ራሰ በራ፣ ኮት የለበሱ ሽማግሌ መስለው ተቀምጠዋል። አፈሩ ቀይ ነው። ከተማው መሃል አልፈን ወደ ኪሌሌሽዋ ስንታጠፍ ዛፍ በዛ፣ አየሩ ቀዘቀዘ። ድሮ ግቢ ያላቸው ቤቶች የነበሩበት ሰፈር ነው ይላል ካማው፤ አሁን አንዱ ሲፈርስ ፎቅ ይበቅላል። በየበሩ ዘበኛ አለ፣ በየዘበኛው አጠገብ ትንሽ ሬዲዮ አለ።

አስቴር ደረጃ ላይ ተቀበለችኝ፣ ተላቀስን። ሳሎኗ ግማሹ የስፌት ቤት ነው። የስፌት መኪናዋ ላይ የተዘረጋው ልብስ ቀይ ሆኖ እንደ ቆዳ የሚጣበቅ ነው፤ ሩሃማ ለእሁድ ትርዒት የምትለብሰው።

«ጀርባው ክፍት ነበር። ጨርቅ ገባበት» አለችኝ አስቴር። «የቤተ ክርስቲያን እህቶቼ ሊያዩ ነው እኮ የሚመጡት፣ ወይንዬ።»

አስቴር ናይሮቢ ከገባች በኋላ ጴንጤ ሆናለች። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በዚህ ተጣልተን ታርቀናል።

ሩሃማ ከሥልጠና ስትመጣ በሩን በእግሯ ዘግታ «አንቲ ወይኒ!» ብላ ተጠመጠመችብኝ። ትከሻዋ እንጨት ነው። ቁጭ ሳትል ማውራት ጀመረች።

«እሁድ ሾው አለን። ከውጭ፣ ከሰርከስ ስኩል የመጣች ሴትዮ አለች፤ አይታን ትመርጣለች። ፉል ስኮላርሺፕ ነው፣ አንቲ። እኔና አቺየንግ ዱዎ ሆነን ነው ያመለከትነው። አብረን ነው የምንሄደው።»

«አቺየንግ ማናት?»

«የምትሸከማት ልጅ ናት» አለች አስቴር ከስፌቷ ቀና ሳትል። «ደግ ልጅ ናት።»

«መሸከም አይባልም፣ ማሚ። ቤዝ ናት» አለች ሩሃማ። «እሷ ከሌለች እኔ የለሁም።»

ዓርብ፣ ፓርክላንድስ

ወደ ፓርክላንድስ በማታቱ ሄድን። ማታቱ ሚኒባስ ነው ቢባል አይበቃም። ውጪው የዘፋኝና የእግር ኳስ ተጫዋች ፊት ተሥሎበታል፤ ውስጡ ያለው ሙዚቃ የጎድን አጥንት ይነቀንቃል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ መኪናው ሳይቆም ይወርዳል፣ መኪናው ሳይቆም ይወጣል። እሱም ሰርከስ ነው አልኩ። ሩሃማ ሳቀችና ጆሮዬ ላይ ጠጋ አለች።

«አንቲ፣ አንድ ነገር። አዳራሹ ውስጥ ሰው ከላይ ሲሆን ማንም አያወራም። ማንም። ድምፅ ያላት ቤዟ ብቻ ናት። ሳዋ?»

«ሳዋ» አልኩ። እሺ ማለት ነው፤ ለማለት ቀላል ነው።

አዳራሹ ዱሮ ባድሜንተን ይጫወቱበት የነበረ ነው። የደበዘዘው መስመር አሁንም ወለሉ ላይ ይታያል፣ ከላዩ ወፍራም ፍራሽ ተነጥፏል። የላብና የእጅ ማድረቂያ ዱቄት ሽታ አለ። አንዲት ልጅ በእጇ እየሄደች ውሃ ልትጠጣ ወደ ጥግ ታልፋለች፤ ሰዎች እንደ ተራ ነገር መንገድ ይለቁላታል። ሁለት ወንዶች እየተነጋገሩ በመሃላቸው ዱላ ይወራወራሉ። ከጣሪያው ረጅም ሰማያዊ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ሩሃማ ብቻዋን የምትሠራው እሱ ላይ ነው፤ አሁን ግን ማንም አይነካውም። እሁድ የሚታየው የሁለቱ ሥራ ነው።

አሰልጣኙ ኮች ሙቱኩ ይባላል። አጭር፣ አንገተ ወፍራም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። ለጋዜጣ እንደምጽፍ ሲሰማ አጠገቤ ተቀመጠና በእንግሊዝኛ አስረዳኝ።

«ከላይ ያለው ሰው ሚዛኑን ራሱ ላስተካክል ካለ ይወድቃል። ሥራው መድረቅ ነው፣ እንደ ዱላ። ሲወዛወዝ የሚያስተካክለው ከታች ያለው ነው። መወዛወዝ ችግር አይደለም፤ ሁሌም አለ። ለመድረቅ ግን ከላይ ያለው ሰው ማመን አለበት፣ ለማመን ደግሞ አንድ ድምፅ ብቻ መስማት አለበት። ይህን ለማስተማር ዓመታት ይፈጃል።»

«በጣም ትክክል ነው» አልኩት። ራሴን ነቀነቅሁ፣ ለጽሑፌ ጥሩ ነገር አገኘሁ ብዬም ደስ አለኝ።

አቺየንግ መጣች። ረጅም ናት፣ ደረተ ሰፊ፣ ፍንጭት ጥርስ ያላት፣ ከሩሃማ ጥቂት ብትበልጥ ነው። በሁለት እጇ ጨበጠችኝ፣ «ካሪቡ አንቲ»፣ እንኳን ደህና መጣሽ፣ አለችኝና ነፋስ የማይመታበት ቦታ ወንበር አመጣችልኝ። ከዚያ ፍራሹ መሃል ሄዳ ቆመች።

ሩሃማ በአቺየንግ ጉልበት፣ ከዚያ በትከሻዋ ወጣች፤ ከዚያ አቺየንግ መዳፎቿን ከእግሮቿ ሥር አስገብታ ወደ ላይ ገፋቻት። የእህቴ ልጅ እዚያ ላይ፣ በሁለት መዳፍ ላይ ቆመች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ዱላ የሚወራወሩት ዱላቸውን ያዙ። በእጇ የምትሄደው ልጅ በእግሯ ቆመች። የሚሰማው የአቺየንግ ድምፅ ብቻ ነው፤ «ቱሊያ… ቱሊያ…» ትላታለች፤ ረጋ በይ ማለት ነው። ሩሃማ አንድ እግሯን አነሳች። አሁን በአንድ መዳፍ ላይ ናት። ያየሁትን ማመን አቅቶኝ አፌ ተከፍቷል፤ መክፈት አልነበረብኝም።

ሩሃማ ተወዛወዘች። ትንሽ ነው፣ ኮች ሁሌም አለ ያለው ነው። የአቺየንግ ክንድ ወዲያው ተከተላት፣ እያስተካከለቻት ነበር፣ በዓይኔ እያየሁት ነበር።

«እኔን!» አልኩ።

አዳራሹ ባዶ ነው፣ ድምፄ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። ሩሃማ አንገቷን ወደ እኔ አዞረች። ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። እግሯ ከመዳፉ ሸሸ፣ ወደ ጎን መጣች። አቺየንግ ፈቀቅ ብትል ምናልባት ፍራሹ ይቀበላት ነበር፤ አልፈቀቀችም። ከሥሯ ገባች፣ በክንዷ ያዘቻት፣ ሁለቱም ወደቁ። ሩሃማ ተነሳች። አቺየንግ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ቁጭ ብላ ቀረች።

ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሩሃማ አጠገቤ መጥታ «ማሚ መሰልሽኝ» አለችኝ፤ ፊቷ ወረቀት ሆኗል። ከልጅነቷ ጀምሮ በወደቀች ቁጥር ያን ቃል ሰምታ ቀና የምትለው ወደ እናቷ ነው። እኔና አስቴር ድምፃችን አንድ ነው። ኮች ሙቱኩ የአቺየንግን እጅ ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

«ማማ» አለኝ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፁ፣ «ውጭ ሻይ የሚሸጡ አሉ።»

ወጣሁ። ሻይ በፔርሙስ የምትሸጠዋ ሴት አጠገቧ ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ ደርድራለች። አንድ ኩባያ ቀዳችልኝ፤ ያዝኩት እንጂ አልጠጣሁትም። ክሊኒክ ሄደው ሲመለሱ የአቺየንግ የእጅ አንጓ ጀሶ ውስጥ ነበር። አጥንቱ ተሰንጥቋል። ለሳምንታት ምንም መሸከም አትችልም። እሁድ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ቅዳሜ፣ ካንጌሚ

በኛ ባህል ታማሚ ይጠየቃል። አናናስ፣ አቮካዶና ብርቱካን ገዛሁ። ሻጩ በዋጋ ሊከራከረኝ ፈልጎ ነበር፤ ያለኝን ሰጠሁት። ሩሃማ አብራኝ መጣች፣ ማታቱው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ግን አላወራችኝም። ሙዚቃው እንኳ እንደ ትናንቱ አልነቀነቀኝም።

አቺየንግ የምትኖረው ካንጌሚ ነው፤ ቤታቸው ቆርቆሮ፣ አንድ ክፍል፣ በጣም ንጹሕ። እናቷ መንገድ ዳር ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። ስንገባ ሥራዋን ጥላ መጣች፤ ዓሣና ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ አቀረበችልን። ልጇን የሰበርኩባት ሴት ብዪ ብላ ትለምነኛለች። ዓሣው ጣፋጭ ነበር፤ መጣፈጡም አሳፈረኝ።

ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ ይቅርታ ልጠይቅ። አፌን ስከፍት ግን ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ አወራሁ። አጥንት ሲጠግን ከበፊቱ እንደሚጠነክር አወራሁ። አዲስ አበባ ስለማውቀው ወጌሻ አወራሁ። ሩሃማ መጀመሪያ ላይ ትተረጉምልኝ ነበር፣ ኋላ ላይ ተወችው።

አቺየንግ ጀሶዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አዳመጠችኝ። ስጨርስ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

«አንቲ፣ ያን ጊዜ የጮኽሽው ቃል ምንድን ነው?»

«እኔን ነው። ሰው ሊወድቅ ሲል የምንለው ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

ሩሃማን አየሁ፤ አልረዳችኝም። «አንተን ከሚያገኝህ እኔን ያግኘኝ ማለት ነው» አልኩ። «እናንተ ፖሌ እንደምትሉት ነው።»

አቺየንግ ጥቂት አሰበች። ክፋት ፊቷ ላይ የለም፤ እንደ ሥራ ጉዳይ ነው የምታስበው።

«እኛ ፖሌ የምንለው ከወደቀ በኋላ ነው» አለች። «ያንቺ ቀድሞ መጣ።»

ይህን ብላ እናቷን ዓሣ እንድትጨምርልኝ ነገረቻት።

ከዚያ ወደ ሩሃማ ዞራ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። የገባኝን ያህል ልጻፍ። አቺየንግ፣ ነገ ጨርቁ ላይ ብቻሽን ሥሪ ትላታለች። ሩሃማ አልሠራም፣ አብረን ነው ያመለከትነው ትላታለች። አንዴ ድምፃቸው ከፍ አለ። እናትየው አቀርቅራ የዓሣ እሾህ ትለቅማለች።

«ካልሠራሽ» አለች አቺየንግ መጨረሻ ላይ፣ ጀሶዋን ብድግ አድርጋ፣ «ይሄን በከንቱ ነው የተሰበርኩት።»

ሩሃማ አለቀሰች። የምታባብላት አቺየንግ ነበረች፣ በደህናው እጇ። እኔ ከአናናሱ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ዕድሜዬን ያህል ኖሬ እንደዚያ ዕለት ትርፍ ሰው ሆኜ አላውቅም።

እሁድ፣ ላቪንግተን

ትርዒቱ ላቪንግተን ውስጥ አንድ ሰፊ ግቢ ሣር ላይ ነው። ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው፣ አጥሩ ላይ ሐምራዊ አበባ ተንዠርግጓል። ብርጭቆ ውስጥ ቅጠል የገባበት ጭማቂ ይዞራል። ፊት ለፊት መራጯ ተቀምጣለች፣ ነጭ ፀጉር ያላት፣ ጫማዋን አውልቃ ሣሩን የምትረግጥ ሴትዮ። አስቴርና የቤተ ክርስቲያን እህቶቿ ከአምልኮ በቀጥታ መጥተው ከመራጯ ጀርባ አንድ ረድፍ ሞልተዋል። እኔ ጫፍ ላይ ነኝ። ነጠላዬን አጥፌ ጉልበቴ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም።

የሩሃማ ተራ ሲደርስ አቺየንግም አብራ ወጣች። ልብሷ የትርዒቱ ልብስ ነው፣ አንድ እጇ ጀሶ ነው። ከተንጠለጠለው ሰማያዊ ጨርቅ ሥር ቆመችና ቀና ብላ ማየት ጀመረች። ሌላ ሥራ የላትም። መሸከም ሲቀር የቀራት ድምፅዋ ብቻ ነው፤ «ቱሊያ» ትላለች፣ እኛ ጋ የሚሰማው በጭንቅ ነው።

ሩሃማ ጨርቁን ወገቧ ላይ እየጠመጠመች ከዛፎቹ እኩል ወጣች። ከዚያ ለቀቀችው። ተጠቅልላ የነበረችው ልጅ እየተተረተረች ቁልቁል መጣች፤ የሥራው ዋና ነገር ይህ ነው፣ መሬት ልትነካ ስትል ጨርቁ ይይዛታል። የአስቴር እህቶች ይህን ከየት ይወቁ? ረድፉ ሙሉ በአንድ ድምፅ «ኢየሱስ!» ብሎ ብድግ አለ።

እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቻለሁ። ጥርሴ እስኪያመኝ ነከስኩት።

ሩሃማ አንገቷን አላዞረችም። ጨርቁ ያዛት፣ ተንጠለጠለች፣ ከታች ያለችውን እያየች ፈገግ አለች። የአቺየንግ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አቺየንግ ብቻ አላጨበጨበችም፤ በአንድ እጅ አይቻልም።

ትርዒቱ ሲያልቅ ልቤ አላስቀምጥ አለኝ። መራጯ ጋ ሄጄ በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያቺ ልጅ ያላየሽውን ትችላለች፣ ሁለቱን ካልወሰድሽ ግማሽ ነው የወሰድሽው አልኳት። እጄን ትከሻዋ ላይ ሁሉ አድርጌያለሁ። ሴትዮዋ በትሕትና ሰማችኝና መወሰን የምትችለው ባየችው ላይ ብቻ እንደሆነ፣ ልጅቷ ስትድን በሚመጣው ምርጫ እንድታመለክት ነገረችኝ። ዘወር ስል አቺየንግ ከኮች ጋር ቆማ አገኘኋት። ሁሉንም ሰምታለች። እኔ ስለምንላት፣ ራሷ ሰው ፊት ለልመና የቆመች ይመስል አንገቷን ደፍታለች።

ኮች ሙቱኩ ጠጋ አለኝ። «ማማ» አለኝ፣ «ዛሬም ዝም ማለት አልቻልሽም?»

ሰኞ፣ አመሻሽ፣ ኪሌሌሽዋ

ከሰዓት ስልክ ተደወለ። ሩሃማ አልፋለች፤ ብቻዋን። አስቴር ስፌቷን ጥላ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ያኔውኑ ለእህቶቿ ደወለች፣ አመሻሽ ላይ ሳሎኑ ሞላ። ካሮት የገባበት ሳምቡሳ ተጠበሰ፣ ሻይ በወተት ተፈላ፣ መዝሙር ተዘመረ።

ከዚያ አስቴር ለምስክርነት ተነሳች። እህቴ ስትናገር ደስ ትላለች። ልጅ ይዛ ድንበር ስለማለፏ፣ ወረቀት ፍለጋ በየቢሮው ስለመቆሟ፣ ስለ ስፌት መኪናዋ፣ ሁሉንም ተናገረች። ስለ ዓርብ ስትደርስ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

«እኛ ክፉ ነው ብለን ያለቀስንበትን እሱ ለበጎ አደረገው። ልጄ ብቻዋን እንድትታይ ፈልጎ ነው። በወይንዬ አፍ ተጠቅሞ ነው የሠራው። ክብር ለሱ ይሁን።»

ሴቶቹ «አሜን» አሉ። ሁሉም በፍቅር ወደ እኔ ዞረው እያዩኝ ነው።

ሩሃማ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። እሷም እያየችኝ ነው፣ ግን እንደነሱ አይደለም። አንድ ነገር እንድናገር እየጠበቀች ነው። የምናገረው ደግሞ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ካንጌሚ ውስጥ ዓሣ የምትጠብስ እናት አለች፣ ልጇ አልፋ ቢሆን እሷም ዛሬ ሰው ትጠራ ነበር፤ እግዚአብሔርን በዚህ አታስገቡት፣ የጮኽኩት እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነው። ዓርብ ዕለት ሳልጠራው የመጣው አፌ አሁን ምን ያዘው? የእህቴን ደስታ አየሁ፣ ተሰብሳቢውን አየሁ፣ ፈራሁ።

«አሜን» አልኩ።

ሩሃማ የበረንዳውን በር ከፍታ ወጣች። እኔ ሳምቡሳ በላሁ።

ማክሰኞ፣ መመለስ

ካማው ማለዳ መጣ። ወደ ኤርፖርት ልትሸኘኝ አስቴር መጣች፣ ሩሃማ መጣች። የመንገዱ መታጠፊያ ላይ አቺየንግ ቆማ ስትጠብቀን አገኘናት። ለመሸኘት ከካንጌሚ በማታቱ መጥታለች። በላስቲክ የተጠቀለለ የደረቀ ዓሣ ይዛለች፤ እናቷ ናት የላከችልኝ።

መኪናው ውስጥ የሚናገረው ካማው ብቻ ነበር። ሰዓት ስንት እንደሆነ ነገረኝ፣ ጣቱን እያወጣ። ሻጮቹ መኪኖቹ መሃል ገብተዋል፣ አባ ኮዳዎቹ ግራሩ ላይ ናቸው። ልጽፈው ያሰብኩት ደስ የሚል ነገር ሁሉ በመስኮት እያለፈኝ ነው። ከኋላ ሁለቱ ልጆች ተደጋግፈው ተቀምጠዋል። አሁን ልበለው፣ ድልድዩን ስናልፍ ልበለው፣ ስንደርስ ልበለው እያልኩ ደረስን።

ኤርፖርቱ በር ላይ ካማው ሻንጣዬን አወረደ። እኔ ሦስቱንም ለመሰናበት ዞር ስል የቦርሳዬ ማንጠልጠያ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። ተደናቀፍኩ።

«እኔን!»

ድምፁ የአስቴር አይደለም፣ የሩሃማም አይደለም። ጉልበቴ ሲሚንቶውን ሳይነካ ነው የተባለው፣ በጊዜው፣ እኛ እንደምንለው፤ መጨረሻው ላይ ብቻ ትንሽ ረዘም አለ። ቀና ስል አቺየንግ በጀሶ ያለውን እጇን ዘርግታለች። ከዚያ አስታወሰችው መሰለኝ፣ ሰበሰበችውና ግራ እጇን ሰጠችኝ።

አስቴር በደስታ አጨበጨበች። «ውይ የኔ ቆንጆ! አማርኛ! ማን አስተማረሽ?»

አቺየንግ እኔን አየች።

«አንቲ ናት» አለች ሩሃማ፣ ጎንበስ ብላ የነጠላዬን አቧራ እያራገፈች። «ዓርብ ዕለት።»

የአስቴር እጅ ሳይጋጠም አየር ላይ ቀረ።

«እኔን» ላለ ሰው መልሱ «አይንካሽ» ነው። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ግራ እጇን ይዤ፣ የቀኙን ጀሶ እያየሁ፣ ያቺን አንዲት ቃል ላወጣት ሞከርኩ። አልወጣ አለችኝ። የነካትን ልጅ እንዴት አይንካሽ ይሏታል? «ፖሌ» አልኳት። ከወደቀ በኋላ የሚባለውን። በኔና በሷ መሃል የቀረው ቃል እሱ ብቻ ነበር፣ ያውም አራት ቀን ዘግይቶ።

«ሳዋ፣ አንቲ» አለችኝ።

ጉልበቴ ተልጦ ኖሯል፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ነው ያየሁት። አዲስ አበባ እስክደርስ ያቃጥለኝ ነበር። አስተናጋጇ አይታ መድኃኒት ላምጣልሽ አለችኝ፣ አልፈልግም አልኳት።

ይበለኝ።